«120» የሚለው ጣቢያ ለምን 46 ብቻ ሰጠኝ?

ጥያቄው ረዘም ያለ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። ጠያቂው 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ያለው፣ ለቻይና ገበያ የተሠራ የኤሌክትሪክ መኪና አላቸው። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚሞሉት ቤታቸው ብቻ ነበር። በቅርቡ መንገድ ላይ ሳሉ «120 ኪሎዋት» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያ አገኙና ባትሪው 55 በመቶ ላይ ሳለ ሰኩ። ስክሪኑ 46 ኪሎዋት አሳየ። ጥቂት ቆይቶ፣ ልክ ሌላ መኪና ከጎናቸው ሲሰካ፣ ወደ 38 ወረደ። 80 በመቶ የደረሰው በ23 ደቂቃ ነው፤ 100 እስኪሞላ ግን ሌላ 72 ደቂቃ፣ የመኪናውን ማቀዝቀዣ ከፍተው ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁ። ደረሰኙ 29.4 ኪሎዋት ሰዓት ይላል፤ በእሳቸው ሒሳብ ባትሪው ውስጥ የገባው 27 ነው። ከዚያ በፊት ደግሞ «22 ኪሎዋት» በሚል ዘገምተኛ ጣቢያ፣ ከመኪናው ጋር በመጣ ትንሽ አዳፕተር ሰክተው 6.6 ብቻ አግኝተዋል። በመጨረሻም የፈጣኑ ጣቢያ ገመድ አልነቀል ስላላቸው ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ ተጭነው ሄዱ። «ጣቢያዎቹ እያጭበረበሩኝ ነው ወይስ መኪናዬ ታሟል? ለፈጣኑም አዳፕተር ገዝቼ ሌላ ዓይነት ጣቢያ ብሞክርስ?» ይላሉ።

ማንም አላጭበረበረዎትም፤ መኪናዎም ጤነኛ ነው። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ጥፋት ተብሎ ሊቆጠር የሚችለው የቀዩ ቁልፍ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

እነዚህን ማሽኖች በመትከልና በመጠገን ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። የሚደርሱኝ ቅሬታዎች አብዛኞቹ የሚነሡት ከአንድ የተሳሳተ ምስል ነው። ሰው ጣቢያውን እንደ ነዳጅ ማደያ ያየዋል። ማደያው ይገፋል፣ ታንከሩ ይቀበላል፤ ታንከሩ በጉዳዩ ላይ ምንም አስተያየት የለውም። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። «ይህን ያህል አምፔር (የኮረንቲ ፍሰት መጠን) ስጠኝ» ብሎ የሚያዝዘው መኪናው ነው፤ ትእዛዙንም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ያድሳል። ጣቢያው የተጠየቀውን ይሰጣል፤ ካልቻለ ከዚያ ያነሰ ይሰጣል። ከተጠየቀው በላይ ግን አይሰጥም። ስለዚህ ፊቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ጣሪያ ነው። ከጣሪያው በታች የት እንደሚቆሙ የሚወስነው የገዛ መኪናዎ ነው።

ቀለል ከሚለው፣ ከ22ቱ ልጀምር። ባትሪ የሚያጠራቅመው ቀጥተኛ ኮረንቲ፣ ማለትም ዲሲ ብቻ ነው። በመስመር የሚመጣው ደግሞ ተለዋዋጭ ኮረንቲ፣ ማለትም ኤሲ ነው። አንድ ቦታ ላይ መቀየር አለበት። ዘገምተኛው ጣቢያ ይህን የመቀየር ሥራ አይሠራም። እውነቱን ለመናገር ቻርጀር መባልም አይገባውም፤ ቆጣሪና የደኅንነት መከላከያ ያለው ትልቅ ማብሪያና ማጥፊያ ነው። እውነተኛው ቻርጀር መኪናው ውስጥ ተገጥሞ የሚዞር ሣጥን ነው። ያ ሣጥን በብዙ መኪኖች 6.6 ወይም 7 ኪሎዋት ያህል፣ በአንዳንዶቹ 11፣ በጥቂቶቹ 22 ይችላል። «22» የሚለው ጣቢያ ይህን ቁጥር የሚያገኘው በሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል በሚያመጡ ሦስት መስመሮች፣ በእያንዳንዱ 32 አምፔር ሲሰጥ ነው። መኪናዎ ከሦስቱ ፌዝ አንዱን ብቻ የሚጠቀም ከሆነ 230 ቮልት በ32 አምፔር ሲባዛ 7.4 ኪሎዋት ግድም ይመጣል፤ ሌሎቹ ሁለት ፌዞች ሥራ ፈትተው ይቆማሉ። የእርስዎ ሣጥን 6.6 ነው የሚችለው፤ 6.6 አገኙ። ቤትዎም ጥሩ መስመር ካለዎት የሚያገኙት ይኸንኑ ነው።

በዚህ ዓይነት ጣቢያና በመኪናው መካከል ያለው ንግግር በጣም አጭር ነው። ጣቢያው በአንዲት ቀጭን ሽቦ ላይ በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚመታ ምልክት ይልካል። የምቱ ስፋት «ከዚህ አምፔር በላይ እንዳትወስድ» ማለት ነው። መኪናውም ከዚያ ጣሪያ ሥር የሚችለውን ያህል ይወስዳል። በመሰኪያው ውስጥ ያለች ትንሽ ሬዚስተር (ኮረንቲን የምትገታ ክፍል) ደግሞ ገመዱ ስንት አምፔር እንደሚሸከም ትናገራለች። በቃ፤ ከዚህ ያለፈ ወሬ የላቸውም። ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ስለ አዳፕተሩ ስናወራ ይጠቅመናል። ለጊዜው የሚይዙት አንድ ነገር፣ ዘገምተኛ ጣቢያን ሲመርጡ የተጻፈበትን ቁጥር ሳይሆን እርስዎ እዚያ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ማየት እንደሚገባ ነው። ሌሊቱን በሚያድሩበት ወይም ቀኑን በሚውሉበት ቦታ 6.6 ከበቂ በላይ ነው። ለ22 ተብሎ የተጨመረ ዋጋ ካለ ግን ለእርስዎ መኪና ከንቱ ወጪ ነው።

ፈጣኑ ጣቢያ ሌላ ፍጥረት ነው። መቀየሪያው በዚያ ቁም ሣጥን በሚያህለው አካሉ ውስጥ አለ፤ ዲሲ አዘጋጅቶ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይልካል፤ መኪናው ውስጥ ያለው ትንሹ ሣጥን አይነካም። ለዚህ ነው ንግግራቸውም የሚረዝመው። ሲሰኩ መሰኪያው ይቆለፋል። መኪናው የባትሪውን ቮልቴጅና የሚችለውን አምፔር ይናገራል። ጣቢያው በገመዱ ላይ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ለቅቆ መከላከያ ሽፋኑ ያፈስስ እንደሆነ ይፈትሻል፤ ከዚያ የራሱን ቮልቴጅ ከባትሪው ጋር ያስተካክላል። በመጨረሻ ኮንታክተሮቹ፣ ማለትም ትልልቆቹ የውስጥ ማብሪያና ማጥፊያዎች፣ «ጧ» ብለው ሲዘጉ ኃይሉ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ትዕግሥት አጥተው መሰኪያውን የሚነቀንቁና «ተበላሽቷል» ብለው ወደ ሌላው የሚሄዱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ፤ ጣቢያው ገና ፍተሻው መሀል ነበር። መሰኪያው በደንብ ገብቶ ሳይቆለፍ በብረቶቹ ላይ አደገኛ ኮረንቲ አይለቀቅም። በዝናብ መሙላት የማያሰጋውም በዚህ ምክንያት ነው፤ መሰኪያው ካልተሰባበረ ወይም ውኃ ውስጥ ካልወደቀ በስተቀር።

አሁን ወደ 120። ኃይል ማለት ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው። የጣቢያው ገመድ የሚሸከመው አምፔር ወሰን አለው፤ ፈሳሽ ማቀዝቀዣ በሌለው ተራ ገመድ ላይ 200 ወይም 250 አምፔር የተለመደ ነው። ጣቢያው «120» ለመባል የሚበቃው ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ባትሪ ሲገጥመው ነው። የእርስዎ መኪና 400 ቮልት ከሚባሉት ወገን ነው፤ ባትሪው በተግባር 370 ቮልት አካባቢ ይሆናል። 200 አምፔር በ370 ቮልት 74 ኪሎዋት ነው። አያችሁ? መኪናዎ የቱንም ያህል ቢለምን ከዚያ ገመድ 120 ሊወጣ አይችልም ነበር። 800 ቮልት ገደማ ባትሪ ያላቸው መኪኖች የተሠሩት ይህን ግድግዳ ለማለፍ ነው፤ ከ2019 ጀምሮ የፖርሸ ታይካን መንገዱን ከፈተ፣ ሌሎችም ተከተሉ። በዚያው ገመድ፣ በዚያው አምፔር፣ እጥፍ ኃይል ይወስዳሉ። 400 ቮልት መኪና ይዞ «350 ኪሎዋት» የሚል ጣቢያ ፍለጋ ከመንገድ መውጣት ግን ድካም ነው። 500 አምፔር የሚሸከም፣ ፈሳሽ የሚያቀዘቅዘው ገመድ ቢያገኙ እንኳን ወሰኑ 185 ኪሎዋት ግድም ነው፤ ያንንም መኪናዎ የሚቀበል ከሆነ ነው።

ታዲያ 74 ቀርቶ ለምን 46 ሆነ? 55 በመቶ ይዘው ስለደረሱ ነው። ይህ የጥያቄዎ ዋናው ነጥብ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በጆንያ እህል የሞላ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ይደፋል። ከግማሽ ሲያልፍ እጁን ያዝ ያደርጋል፤ መጨረሻ ላይ ጆንያውን እያነሣ መሬት ላይ እየጠቀጠቀ፣ በእፍኝ በእፍኝ ይጨምራል። በዚያ ሰዓት በመጀመሪያው ፍጥነት ልድፋ ካለ ወይ ይፈስበታል ወይ ጆንያው ይቀደዳል። በባትሪው ውስጥ የሊቲየም አየኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ከአንዱ ወገን ተነሥተው በሌላው ወገን ባለው ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት) ንብርብሮች መካከል ቦታ ይይዛሉ። ባዶ ቦታው ብዙ ሲሆን በፍጥነት ይገባሉ። እየሞላ ሲሄድ ግን መግቢያ እየጠበበ ይመጣል። የባትሪው ተቆጣጣሪ ኮምፒውተር ያን ጊዜ ፍጥነቱን ካልቀነሰ አየኖቹ ውስጥ መግባቱ ቀርቶ በግራፋይቱ ገጽ ላይ እንደ ብረት ልባስ ይጋገራሉ። እንደዚያ የተጋገረው ሊቲየም አብዛኛው ተመልሶ ለአገልግሎት አይውልም፤ ባትሪው ያንን ያህል አቅም ለዘለቄታው አጣ ማለት ነው። ብርድ ሲሆንም የሚፈራው ይኸው ነው፤ አየኖቹ ዘገምተኛ ስለሚሆኑ ተቆጣጣሪው ባትሪው ባዶ ቢሆንም እንኳን ጥያቄውን ዝቅ ያደርጋል።

ስለዚህ 46ቱ የመኪናዎ ጥያቄ ነበር፤ 38ቱም እንደዚያው። ቁጥሮችዎን እንይ። ከ55 እስከ 80 በመቶ ያለው 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ23 ደቂቃ ገባ፤ በአማካይ 39 ኪሎዋት ማለት ነው። ለዚያ የመሙላት ደረጃ የሚያስከፋ አይደለም። ከ80 እስከ 100 ያለው ግን 12 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሆኖ 72 ደቂቃ ፈጀ። በአማካይ 10 ኪሎዋት። በዚያ ሰዓት ስክሪኑን ትኩር ብለው ቢያዩት ኖሮ መጨረሻ ላይ ከቤትዎ መስመር ያነሰ ኃይል እያሳየ እንደነበር እገምታለሁ። ያንኑ 12 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪው 15 በመቶ ላይ ሳለ ቢጠይቅና መኪናዎ 70 የሚቀበል ቢሆን፣ አሥር ደቂቃ ግድም በቂ ነበር። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል የተቀመጡት ፈጣን ጣቢያ ላይ ዘገምተኛ ሥራ ለማሠራት ነው። ከኋላዎ ተራ የሚጠብቅ ሰው ከነበረ ደግሞ ምን እያለ እንደነበር ባልጽፈው ይሻላል።

ጎረቤትዎንም ነጻ ላውጣቸው። ብዙ ጣቢያዎች ሁለት ገመድ ይኑራቸው እንጂ ኃይላቸው የጋራ ነው። ሁለተኛ መኪና ሲሰካ 120ው ለሁለት ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ 60 ይደርሳል። የእርስዎ መኪና ግን በዚያ ሰዓት የሚጠይቀው ከ60 በታች ነበር። እርሳቸው የወሰዱት እርስዎ የማይፈልጉትን ትርፍ ነው። መውረዱ ከመምጣታቸው ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው፤ ቢበዛ ጣቢያው ውስጣዊ ክፍሎቹን ከአንዱ ገመድ ወደ ሌላው ሲያዛውር ለአፍታ ዝቅ ብሎ ይሆናል። በሌላ ቀን ግን፣ በ15 በመቶ ደርሰው መኪናዎ 70 እየጠየቀ ሳለ ጎረቤት ቢመጣ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ይነካዎታል። ባዶ ጣቢያ እያለ ሌላ መኪና በተሰካበት ጣቢያ ሁለተኛ ገመድ ላይ አይሰኩ፤ ሌላ መኪና የሌለበትን ይምረጡ።

ደረሰኙ። 27 ያሉት ትክክለኛ ሒሳብ ነው፤ የ60 ኪሎዋት ሰዓት 45 በመቶ። ልዩነቱ 2.4 ነው። ማቀዝቀዣው ለ95 ደቂቃ ሲሠራ በሰዓት አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳን ቢበላ 1.6 ያህሉ እዚያ አለቀ። የቀረው 0.8 ባትሪው ሲሞላ በራሱ ውስጥ ወደ ሙቀት የተለወጠውና እርሱን ለማቀዝቀዝ የዋለው ነው፤ ሦስት በመቶ አይሞላም። እንዲያውም ጥሩ ቁጥር ነው። በዘገምተኛ ጣቢያ ላይ ልዩነቱ ከዚህ ሰፋ ይላል፤ ምክንያቱም ቀያሪው ሣጥን ያለው ከቆጣሪው ወዲህ፣ በእርስዎ በኩል ነው፤ የሚባክነው አንድ አሥረኛ ያህል በእርስዎ ሒሳብ ይገባል። በፈጣኑ ላይ ቆጣሪው ከመቀየሪያው በኋላ ከተገጠመ የመቀየሩን ብክነት የሚሸከመው ጣቢያው ነው። ማቀዝቀዣም ማሞቂያም ሳይከፍቱ፣ አየሩም ደኅና ሆኖ፣ በፈጣን ጣቢያ ልዩነቱ ከ15 በመቶ ካለፈ ግን ደረሰኝዎን ይዘው ይጠይቁ፤ ያን ጊዜ ከጎንዎ ነኝ።

ስለ ክፍያ አንድ ሁለት ነገር። ከመሰካትዎ በፊት ታሪፉ በኪሎዋት ሰዓት ነው ወይስ በደቂቃ የሚለውን ያንብቡ። በደቂቃ ከሆነ ከ80 በመቶ በኋላ መቆየት ገንዘብ መጣል ነው፤ እየከፈሉ ያሉት ለኃይል ሳይሆን ለመቀመጫ ነው። መኪናው ሞልቶ ሳለ ገመዱን ይዞ ለሚቆም የሚጠየቅ ተጨማሪ ክፍያም በብዙ ቦታ አለ። በባንክ ካርድ ሲከፍሉ ጣቢያው መጀመሪያ ከፍ ያለ መጠን ሊይዝና ትርፉን ከቀናት በኋላ ሊለቅ ስለሚችል አይደንግጡ። በአውሮፓ ኅብረት ከኤፕሪል 13 ቀን 2024 ወዲህ የሚተከል 50 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ የሆነ የሕዝብ ጣቢያ ሁሉ የባንክ ካርድ እንዲቀበል በሕግ ተገድዷል፤ በሌላው ዓለም አሁንም መተግበሪያ አውርዶ መመዝገብ የሚጠይቀው ብዙ ነው። ምዝገባውን ቤትዎ ሆነው ይጨርሱት። ባትሪው 6 በመቶ ላይ፣ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ የይለፍ ቃል መፍጠር ከባድ ቅጣት ነው። የሚቃኘው ኮድ በሌላ ወረቀት ላይ ተደርቦ የተለጠፈ ከመሰለዎት አይቃኙት፤ አጭበርባሪዎች የራሳቸውን ኮድ እየለጠፉ ክፍያ ይሰርቃሉ።

መንገድ ሲወጡ እንግዲህ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲቀርዎ ይድረሱ፣ 80 ላይ ይንቀሉ። ረጅም ጉዞ ከሆነ አንድ ጊዜ እስከ 100 ከመሙላት ሁለት ጊዜ እስከ 70 እና 80 መሙላት በአጠቃላይ ፈጥኖ ያደርሳል፤ የሚቀጥለው ጣቢያ ሩቅ ወይም የማይታመን ከሆነ ግን ሰዓቱን መሥዋዕት አድርጎ መሙላት አስተዋይነት ነው። መኪናዎ ባትሪውን ቀድሞ የሚያሞቅ ዝግጅት ካለው ጣቢያውን በራሱ በመኪናው ካርታ ላይ መድረሻ አድርገው ያስገቡት፤ በስልክዎ ካርታ ቢሄዱ መኪናው ወደ ጣቢያ እየሄደ መሆኑን አያውቅም። ባትሪዎ ሊቲየም ብረት ፎስፌት ከሚባለው ዓይነት ከሆነ አምራቾች አልፎ አልፎ እስከ 100 እንዲሞላ ይመክራሉ። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ከላይ እስከ ታች ብዙም ስለማይለዋወጥ ተቆጣጣሪው ስንት እንደቀረ መገመት ይቸግረዋል፤ ጫፍ ሲደርስ ነው ሒሳቡን የሚያርመው። ይህን ግን ቤትዎ፣ በሌሊት፣ በዘገምተኛው ያድርጉት።

ሳይጠይቁኝ የምመልሰው አንድ ነገር አለ፤ ሁሌም ይከተላልና። ፈጣን ጣቢያ ባትሪ ይገድላል? ቆጣቢ ሆኖ የሚጠይቅ ተቆጣጣሪ እስካለ ድረስ አይገድልም። የሚጎዳው ሙቀት ነው። ፈሳሽ ማቀዝቀዣ የሌለው ባትሪ፣ ለምሳሌ የቀድሞዎቹ የኒሳን ሊፍ ሞዴሎች፣ በአንድ ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በፈጣን ከተሞላ እየጋለ ይሄድና ሦስተኛው ሙሊት በጣም ያዘግማል። እዚያም ቢሆን ያዘገመው ጣቢያው ሳይሆን መኪናው ነው። 100 በመቶ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ለቀናት ማቆም ከብዙ ፈጣን ሙሊቶች የከፋ ነው።

ወደ አዳፕተሩ እንምጣ። ለዘገምተኛው የተጠቀሙበት ትንሹ አዳፕተር ስለሠራ ለፈጣኑም እንደዚያው ቀላል መስሎዎታል። አይደለም። የቻይና መኪኖች ጂቢቲ የሚባለውን ደረጃ ይከተላሉ፤ ሁለት የተለያዩ ሶኬቶች አሏቸው፣ አንዱ ለኤሲ ሰባት እግር፣ አንዱ ለዲሲ ዘጠኝ እግር። የኤሲው ከአውሮፓው ታይፕ 2 ጋር መንትያ ይመስላል፤ ልዩነቱ ወንድና ሴቴው መገልበጡ ነው። ንግግሩም ያው በሰከንድ 1000 ጊዜ የሚመታው ምልክት ነው። ስለዚህ ትንሹ አዳፕተርዎ ሽቦ ከሽቦ ማገናኘት ብቻ በቂው ነው።

በዲሲ ግን እያንዳንዱ ወገን የራሱን ቋንቋ ይናገራል። ጂቢቲና የጃፓኑ ቻዴሞ በተለዩ የመልእክት ሽቦዎች ያወራሉ፤ ያውም እርስ በርስ ሳይግባቡ። ቻዴሞ የሚለው ስም «ሻይ አንጠጣም?» ከሚል የጃፓንኛ አባባል ጋር እንዲገጥም የተመረጠ ነው፤ ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ይሞላል ለማለት። በአውሮፓ የነገሠው ሲሲኤስ 2 ደግሞ መልእክቱን የሚልከው በዚያችው የምልክት ሽቦ ላይ ከፍተኛ ድግግሞሽ ጭኖ ነው። በ2022 ቴስላ ለሌሎች የከፈተውና አሁን በሰሜን አሜሪካ የተስፋፋው ናክስ የሚባለው መሰኪያ ቅርጹ ትንሽና የተለየ ቢሆንም ቋንቋው እንደ ሲሲኤስ ነው፤ በእነዚያ መካከል ያለው አዳፕተር ቀላል ሊሆን የቻለው ለዚህ ነው። ከሲሲኤስ ጣቢያ ወደ ጂቢቲ መኪና የሚያገናኘው አዳፕተር ግን በውስጡ ኮምፒውተር ያለው አስተርጓሚ ነው። መኪናው «150 አምፔር ስጠኝ» ሲል ሰምቶ በሌላ ቋንቋ ለጣቢያው ይናገራል፤ «አቁም!» ሲልም እንዲሁ። አስተርጓሚው ቢዘገይ ወይም ቢሳሳት በመሀሉ ያለው 400 ቮልትና መቶዎች አምፔር ነው።

ስለዚህ ይግዙ ወይስ አይግዙ? የሚሄዱበት መንገድ ላይ የጂቢቲ ጣቢያ ካለ አይግዙ፤ ፈጣን ይሆናል ብለው ከሆነ ደግሞ ፈጽሞ አይግዙ፤ መኪናዎ የሚጠይቀው ያው ነው። ጂቢቲ በሌለበት መንገድ የሚመላለሱ ከሆነ የሚሸከመው አምፔር ከመኪናዎ ከፍተኛ ጥያቄ የማያንስ፣ የሙቀት መቆጣጠሪያና መቆለፊያ ያለው፣ ሶፍትዌሩን ማደስ የሚቻልበት ይፈልጉ። አምራቹ በአዳፕተር ምክንያት ዋስትናውን ይሰርዝ እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁ። ሁለት አዳፕተር ቀጣጥለው አይጠቀሙ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች በእጅዎ ይዳስሱት፤ መሞቁ ያለ ነው፣ እጅ የማያስይዝ ከሆነ ግን ያቁሙት። አንድ ጊዜ ለጥገና ተጠርቼ ሄጄ ቀልጦ ከጣቢያው መሰኪያ ጋር አንድ አካል የሆነ አዳፕተር በመጋዝ አውጥቻለሁ። ባለቤቱ ርካሽ ስለነበር ነው የገዛው፤ ውስጡን ስከፍተው የሙቀት መለኪያ የሚባል ነገር አልነበረውም።

አሁን ቀዩ ቁልፍ። ይህ ቁልፍ ለእሳት፣ ለጭስ፣ ኮረንቲ ለያዘው ሰው ነው። ሲጫኑት ኮንታክተሮቹ ሙሉ ኮረንቲ ተሸክመው ሳሉ በድንገት ሊከፈቱ ይችላሉ፤ በመካከላቸው የሚፈጠረው ብልጭታ ብረታቸውን ይበላል። ከዚያም በላይ ብዙ ጣቢያዎች ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ራሳቸውን ዘግተው ባለሙያ መጥቶ እስኪከፍታቸው ይጠብቃሉ። እርስዎ ሄዱ፤ ከኋላ በ4 በመቶ የደረሰው ሰው ግን የሞተ ስክሪን ነው የጠበቀው። አውቀው እንዳላደረጉት ይገባኛል፤ ግን ይወቁት።

ገመዱን የያዘው ብዙውን ጊዜ ጣቢያው ሳይሆን መኪናው ነው፤ እንደ ዓይነቱ መቆለፊያው በመሰኪያው ላይም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በስክሪኑ፣ በመተግበሪያው ወይም በካርድዎ ሙሊቱን ያቁሙ፤ ቁጥሩ ዜሮ እስኪሆን ይጠብቁ። ከዚያ የመኪናውን በሮች በቁልፍዎ ቆልፈው መልሰው ይክፈቱ፤ በብዙ መኪኖች መሰኪያውም አብሮ ይለቀቃል። ካልሆነ የገመዱን ክብደት በሌላ እጅዎ ደገፍ አድርገው መሰኪያውን በትንሹ ወደ ውስጥ ይግፉትና ቀጥ አድርገው ይሳቡት፤ የከበደ ገመድ ወደ ታች ሲጎትት መቀርቀሪያዋ ተጣብቃ ትቀራለች። ይህም ካልሠራ ብዙ መኪኖች በኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ወይም በሞተር ክዳኑ ሥር በእጅ የሚሳብ ማስለቀቂያ ገመድ አላቸው፤ የት እንዳለ በመኪናዎ መመሪያ ውስጥ ዛሬውኑ ይፈልጉት። ያም እምቢ ካለ ጣቢያው ላይ በተለጠፈው ቁጥር ይደውሉ፤ ብዙዎቹን ጣቢያዎች ከሩቅ ሆኖ ማስለቀቅ ይቻላል።